ቦርሳ አንግቶ ቬትናምን ለመዞር፦ ከቪዛው እስከ ባቡሩ

ቬትናም በካርታ ላይ ቀጭን ብትመስልም ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ በቀጥታ መስመር 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ «በሁለት ሳምንት ከሃኖይ እስከ ሳይጎን (የዛሬው ሆ ቺ ሚን ከተማ)» ብሎ ያቅድና የጉዞውን እኩሌታ አውቶቡስ ውስጥ ይጨርሰዋል። እኔ የምመክረው ቦታ ቀንሳችሁ ቀን እንድትጨምሩ ነው። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም ፕሮግራም አትጫኑባቸው። መንገድ ማቋረጡን፣ ገንዘቡን መለየቱን፣ ቁርስ ማዘዙን የምትለምዱት ያኔ ነው። ያንን ሳትለምዱ በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ከሮጣችሁ፣ የሚቀራችሁ ትዝታ ጡሩምባና ላብ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ወሮች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወቅቱን መምረጥ

አገሩ ረጅም ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሁሉም ቦታ የሚመችበት ወር ማግኘት ይከብዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሃኖይ ወደ 15 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ሰማዩ ይደምናል፣ ካፊያው አያቋርጥም፣ ቤቶቹም ማሞቂያ የላቸውም። (የአዲስ አበባ ሰው «15 ዲግሪማ ምን አላት» ይል ይሆናል። ርጥበቱ ግን አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው።) ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ሰሜኑ ወበቅና ዶፍ ነው። ሁዌና ሆይ አን የሚገኙበት መካከለኛው ክፍል በጥቅምትና በኅዳር በጎርፍ ይመታል፤ በሆይ አን አሮጌ ሰፈር ሰው በጀልባ የሚመላለስባቸው ቀናት አሉ። ደቡቡ ከግንቦት እስከ ኅዳር ዝናባማ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ያባራል። ሁሉንም ለማስታረቅ መጋቢትና ሚያዝያ ይሻላሉ።

አንድ ነገር ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ፦ የቴት በዓል። የቬትናም አዲስ ዓመት ጨረቃን ስለሚከተል በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት አጋማሽ መካከል ይውላል። በ2027 የካቲት 6 ነው። ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ ወደ ቤተሰቡ ይጓዛል፤ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት ቀድሞ ያልቃል፣ ምግብ ቤቱና ሱቁ ለቀናት ይዘጋል። የምታውቁት ቤተሰብ ካለ ግሩም ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳ አንግቶ ለሚሄድ ሰው ግን አይመችም።

2. ቪዛ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላለው ሰው ነገሩ በጣም የቀለለው ከነሐሴ 15 ቀን 2023 ወዲህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቬትናም ለሁሉም አገር ዜጎች የኤሌክትሮኒክ ቪዛ መስጠት ጀመረች፤ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው 25 ዶላር፣ ወጥቶ መመለስ የሚያስችለው 50 ዶላር ነው። ወደ ላኦስ ወይም ወደ ካምቦዲያ ጎራ ብሎ የመመለስ ሐሳብ ካላችሁ ሁለተኛውን ጠይቁ።

የምትሞሉት በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ አድራሻው «ጎቭ ዶት ቪኤን» በሚል ያበቃል። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ቀድመው የሚመጡት ብዙዎቹ ደላሎች ናቸው፤ ያንኑ ቅጽ ሞልተው በእጥፍና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። የሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት፣ የፓስፖርቱ መረጃ ገጽ ፎቶ፣ ያለ መነጽር የተነሣችሁት ጉርድ ፎቶና ለክፍያ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ነው።

ስም ላይ ቀስ በሉ። የእኛ የስም፣ የአባትና የአያት አጻጻፍ ከቅጹ ሁለት ሣጥኖች ጋር አይገጥምም። እንደ ልማዳችሁ አትሙሉ፤ በፓስፖርቱ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት የኮድ መስመሮች አይታችሁ ስሙ እዚያ በተከፈለበት መልክ ጻፉ። አንድ ፊደል ብትዛነፍ ከአውሮፕላን ማረፊያ የመመለስ ምክንያት ልትሆን ትችላለች፤ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። መልሱ በሦስት የሥራ ቀን ይደርሳል ቢባልም ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ማመልከት እንቅልፍ ይሰጣል። ሲመጣ በወረቀት አትሙት፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። በተለይ መንገዳችሁን በታይላንድ አድርጋችሁ እዚያ የምትገቡ ከሆነ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ይህን ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው።

3. ቦርሳው

ግባችሁ 7 ኪሎ ይሁን። ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ እንደ ቬትጄት ያሉ ርካሽ የአገር ውስጥ በረራዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚፈቅዱት የእጅ ሻንጣ ይኸው ነው። ከ35 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ በቂ ነው። ልብስ ለአምስት ቀን ብቻ ያዙ፤ በየሰፈሩ በኪሎ መዝነው የሚያጥቡ ቤቶች አሉ፣ ጠዋት የሰጣችሁት ማታ ታጥፎ ይመለሳል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን አንድ ልብስ ግን ግድ ነው። ያለ እሱ ፓጎዳም ሆነ ሃኖይ ያለው የነጻነት መሪያቸው የሆ ቺ ሚን መካነ መቃብር አያስገባችሁም።

ጫማ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ በብዙ ማደሪያ፣ በሰው ቤትና በሌሊት አውቶቡስ ላይ ታወልቃላችሁ። ለሆስቴል ቁም ሣጥን ትንሽ ጓጉንቸር፣ ለጆሮ መድፈኛ፣ ለዝናብ እዚያው በርካሽ የሚሸጠውን ላስቲክ ካፖርት። አገር ቤት የምንጠቀምበት ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር አብዛኛው ቦታ ይሰካል።

ሚጥሚጣ አትያዙ። እናቶች ሳይቋጥሩ እንደማይሸኙ አውቃለሁ፤ ግን የእነሱ ትንንሽ ቃሪያ ከእኛ ሚጥሚጣ የሚያንስ አይደለም፣ በየጠረጴዛው ላይም በነጻ አለ።

4. ገንዘብ

ብር እዚያ የሚመነዝርላችሁ የለም። ዶላር ወይም ዩሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኖቱ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን፣ ከባንክ የወሰዳችሁበትን ደረሰኝም አትጣሉ። ከ5,000 ዶላር በላይ ይዞ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት።

አንድ ዶላር ወደ 26,000 ዶንግ ይመነዘራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሚሊየነር ትሆናላችሁ፣ ሚሊዮኑም 40 ዶላር አይሞላም። ሻጮቹ ራሳቸው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዜሮዎች አይጠሩም፤ «ሃምሳ» ካሏችሁ 50,000 ማለታቸው ነው። ልብ ማለት ያለባችሁ የ20,000 እና የ500,000 ኖት ሁለቱም ሰማያዊ መሆናቸውን ነው፤ በሁሉም ላይ ያለው ፊት የሆ ቺ ሚን ነው። በጨለማ ታክሲ ውስጥ አንዱን በሌላው ቦታ መስጠት ሃያ አምስት እጥፍ መክፈል ነው። የ500,000ዎቹን ለብቻ ኪስ አድርጓቸው።

ወጪ? በሆስቴል ተደራራቢ አልጋ ከ5 እስከ 10 ዶላር፣ አንድ ሳህን ፎ (የሩዝ ኑድልስ ሾርባ) ከ40,000 እስከ 70,000 ዶንግ፣ በዳቦ የሚቀርበው ባን ሚ ከ20,000 እስከ 35,000። የረጅም መንገድ ትኬትን ሳይጨምር በቀን ከ25 እስከ 35 ዶላር ተመችቶ ያኖራል።

5. ካረፋችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ወደ ሃኖይ ስለሚበር ጉዞውን ከሰሜን መጀመር ለእኛ ተፈጥሯዊ ሆኗል። የኖይ ባይ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው መሀል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ብርቱካናማው 86 ቁጥር አውቶቡስ በ45,000 ዶንግ ወደ አሮጌው ሰፈርና ወደ ባቡር ጣቢያው ያደርሳል። ከመሸ ደግሞ ግራብን ተጠቀሙ፤ እንደ አዲስ አበባ ራይድ በስልክ የሚጠራ ነው፣ ዋጋው ሳትሳፈሩ ይታወቃል። በሩ ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚከተላችሁን ሰው በፈገግታ እለፉት።

ሲም ካርድ ከአዳራሹ ሳትወጡ አውጡ፤ በፓስፖርት ይመዘገባል። ገጠር የምትወጡ ከሆነ የቪየተል ኔትወርክ ይመረጣል። ማደሪያችሁ ስትደርሱ ፓስፖርታችሁን ይወስዱባችኋል። አትደንግጡ፤ እንግዳ ማደሩን ለፖሊስ ማስመዝገብ ሕጋቸው ነው። አስመዝግበው እንዲመልሱላችሁ ብቻ አስታውሷቸው።

ሰዓቱ ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል፤ ትኬት ላይ የሚጻፈውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 19:30 የሚል ባቡር በእኛ አፍ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በስልክ ከሌላ ሐበሻ ጋር ስትቀጣጠሩ የቱን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

6. መንገድ ማቋረጥ

ይህን ለብቻ የማነሣው የመጀመሪያውን ቀን ስሜት የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። ወደ 100 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር ከ70 ሚሊዮን በላይ ሞተር ሳይክል ተመዝግቧል። ሃኖይ መሀል ባለው በሆዋን ኪየም ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ማዶውን ስታዩ፣ በመሀላችሁ ያለው አስፋልት ባዶ የሚሆንበት ቅጽበት የለም። አንዱ ሞተር አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ ጭኗል፤ ሌላው ማቀዝቀዣ በገመድ አስሮ ነው፤ ሦስተኛው ኋላው ላይ ሙሉ የብርቱካን ዛፍ ተሸክሞ ቅጠሉ ፊታችሁን ዳሶ ያልፋል። ዜብራ አለ፣ ግን ጌጥ ነው።

አሠራሩ ይኸው ነው፦ መኪናና አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ እነሱ አይቆሙም። የቀሩት ሞተሮች ብቻ ሲሆኑ አንድ እግር አስገቡና በዝግታ፣ ፍጥነት ሳትቀይሩ ተራመዱ። አትሩጡ፣ መሀል ላይ ድንገት አትቁሙ፣ ከሁሉ በላይ ወደ ኋላ አትመለሱ። ሞተረኛው ከሩቅ አይቷችሁ በፊታችሁ ወይስ በኋላችሁ እንደሚያልፍ የወሰነው በእርምጃችሁ ልክ ነው፤ እርምጃችሁን ከቀየራችሁ ሒሳቡ ይፋለሳል። መጀመሪያ ላይ ከሚሻገሩ አሮጊት ጎን ሁኑ። እሳቸው ቀና ብለውም አያዩም፣ ቅርጫታቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

የእግረኛ መንገድ ላይ እሄዳለሁ ብላችሁ ግን አትድከሙ። እሱ የቆሙ ሞተሮች፣ ድስቶችና ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበሮች ቦታ ነው።

7. መብላት፣ ጾምና ቡና

እነዚያ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታችሁ አገጫችሁ ሊደርስ ይቃጣዋል፣ ግን ምርጡ ምግብ እዚያ ነው። የምግብ ቤት መምረጫው ቀላል ነው፦ ሜኑው አንድ ወይም ሁለት ምግብ ብቻ የሆነበት፣ የሰፈሩ ሰው የተጨናነቀበት። ጠዋት ፎ፣ ምሳ ላይ የሃኖይ የሆነው በከሰል የተጠበሰ ሥጋ ከሩዝ ኑድልስ ጋር የሚቀርበው ቡን ቻ። ቡን ቻ የአሳማ ሥጋ ነው። ይህን በግልጽ የምጽፈው አሳማ በቬትናም ወጥ ቤት ውስጥ ያልገባበት ቦታ ስለሌለ ነው፤ የበሬ ወይም የዶሮ ፎ ያለ ችግር ይገኛል፣ ሌላውን ጠይቁ። ሙስሊም አንባቢዎች ሃኖይ ውስጥ በሃንግ ሉዎክ መንገድ የአል ኑር መስጊድን፣ ሳይጎን ውስጥ ደግሞ በዶንግ ዱ መንገድ ያለውን መስጊድ ያገኛሉ፤ በሳይጎኑ ዙሪያ ሐላል ምግብ ቤቶች አሉ።

ለጾመኛ ደግሞ ቬትናም ከጠበቅሁት በላይ የተመቸች አገር ናት። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ይታቀባሉ፤ በዚህ ምክንያት በየከተማው «ኮም ቻይ» የሚል ምልክት የለጠፉ የጾም ቤቶች አሉ። ሩዝ በሳህን ይጨልፉላችሁና ከላይ ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ የሙዝ አበባ፣ የተጠበሰ ቅጠላ ቅጠል ይደረድራሉ፤ ዋጋውም ከሥጋው ያነሰ ነው። ከእነዚህ ቤቶች ውጭ ግን «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ብታዝዙም የዓሣ ሶስ ይገባበታል። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ቃሉን ስልካችሁ ላይ በቬትናምኛ አስጽፋችሁ አሳዩ፤ ድምፀቱን በአፍ ለመጥራት መሞከር ሣቅ ይፈጥራል እንጂ ምግብ አያመጣም። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ።

ቡናው ለብቻው ይነሣ። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ግን የእኛ ዓረቢካ ሳይሆን ሮቡስታ ነው፣ ማዕከሉም በደጋማው ቡዎን ማ ቱዎት አካባቢ ነው። አቀራረቡን ተመልከቱ፦ ብርጭቆው አፍ ላይ «ፊን» የሚሏት ትንሽ የቆርቆሮ ማጣሪያ ትቀመጣለች፣ ሙቅ ውኃ ይፈስባታል፣ ከዚያ ጠብታው አንድ በአንድ ታች ወዳለው ወፍራም ጣፋጭ የታሸገ ወተት ይወርዳል። አይቸኩልም። ሲያልቅ ያማስሉትና በረዶ ላይ ይገለብጡታል። ጥቁር፣ መራራና ከባድ ነው፤ የይርጋ ጨፌ ጠረን የለመደ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል። ያለ ወተቱ አልወደድኩትም፤ ከወተቱ ጋር ግን በዚያ ወበቅ ሌላ የሚተካው መጠጥ የለም። ሃኖይ ውስጥ የእንቁላል ቡናም ቅመሱ። በ1946 ወተት በጠፋበት ዘመን ንዌን ቫን ዛንግ የተባለ የሆቴል ባለሙያ በእንቁላል አስኳል ተክቶ የፈጠረው ነው።

8. መስመሩን መሥራት

ሦስት ሳምንት ላለው ሰው የምመክረው ይህ ነው፦ ሃኖይ አራት ቀን፣ ኒን ቢን ሦስት፣ ፎንግ ኛ ሦስት፣ ሁዌ ሁለት፣ ሆይ አን አራት፣ የቀረው ለሳይጎንና ለሜኮንግ ወንዝ ደለል። ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁ ከየቦታው ጥቂት ቀን ቀንሳችሁ ሆይ አን ላይ አቁሙና ከዳ ናንግ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ሃኖይ ተመለሱ። ደቡቡ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤ ታዋቂ ነው፤ ከ1994 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ። ከሃኖይ ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ግን አልመክርም፤ ቀኑ በሚኒባስና በወረፋ ያልቃል። ወይ ካት ባ ደሴት ላይ አድራችሁ ጸጥ ያለውን የላን ሃ ባሕረ ሰላጤ እዩ፣ ወይ ያንኑ ዓይነት የድንጋይ ተራራ በሩዝ ማሳ መሀል ኒን ቢን ላይ እዩ። እዚያ ታም ኮክ ላይ ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ደገፍ ብለው መቅዘፊያውን በእግራቸው ነው የሚያዞሩት።

ፎንግ ኛ የዋሻ አገር ነው። በዓለም ትልቁ ዋሻ ሶን ዶንግ እዚህ ነው፤ ለመግባት ግን ወደ 3,000 ዶላር ያስከፍላል፣ ወረፋውም ረጅም ነው። 31 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የገነት ዋሻ በርካሽ ይታያል፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ የእንጨት መረማመጃ ተሠርቶለታል። በዚህ አካባቢና ከእሱ በስተደቡብ ከጦርነቱ የተረፈ ያልፈነዳ ቦምብ መሬት ውስጥ ስላለ ከተረገጠ መንገድ አትውጡ።

መጓጓዣው፦ ባቡር። ፈረንሳዮቹ በ1936 የጨረሱት የሃኖይ–ሳይጎን ሐዲድ 1,726 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉውን መሄድ ከ30 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ቆራርጡት። «ለስላሳ አልጋ» የሚሉት ክፍል አራት ሰው፣ «ጠንካራ አልጋ» የሚሉት ስድስት ሰው ይይዛል። የታችኛውን አልጋ ያዙ፤ ላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ከሁዌ ወደ ዳ ናንግ ያለውን ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ግን በቀን ሂዱ፤ በግራ በኩል ተቀመጡ። ባቡሩ የሃይ ቫን ተራራን ሲዞር ባሕሩ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሆይ አን ባቡር የለውም፤ ከዳ ናንግ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይኬዳል።

የሌሊት አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ ላይ ትጋደማላችሁ። ረጅም ሰው እግሩን የሚያደርግበት ያጣል።

9. ሞተር ልንዳ ወይስ አልንዳ?

በሰሜን የሃ ዛንግ ተራሮች ቪዲዮ ያየ ሁሉ ሞተር መከራየት ይፈልጋል። አከራዮቹ መንጃ ፈቃድ አይጠይቁ ይሆናል፤ ፖሊስና ኢንሹራንስ ግን ይጠይቃሉ። የሞተር መንጃ ፈቃድና ቬትናም የምትቀበለው ዓለም አቀፍ ፈቃድ ከሌላችሁ፣ አደጋ ቢደርስ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ አንድም ሳንቲም አይከፍልም። ከአገሬው ሾፌር ኋላ ተቀምጦ መዞር ይቻላል፤ በማ ፒ ሌንግ ገደል ላይ ዓይናችሁ ከአስፋልቱ ነጻ መሆኑ ራሱ ትርፍ ነው። ሄልሜት ከ2007 ጀምሮ ግዴታ ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ለሚነዳ ሰው አንድ ብርጭቆ ቢራም ያስቀጣል።

10. የሰው ዓይን

ጥቁር ቆዳና ከርዳዳ ጠጉር ከሳይጎንና ከሃኖይ መሀል ወጣ ሲል ብርቅ ነው። ያፈጥጣሉ፣ አብረው ፎቶ መነሣት ይጠይቃሉ፣ አንዳንዷ እናት ሹሩባ ሳትጠይቅ ትነካለች። አብዛኛው የማወቅ ጉጉት እንጂ ክፋት አይደለም፤ ካልወደዳችሁት እጅ አንሥቶ «አይሆንም» ማለት ይበቃል፣ አይቀየሙም። ዕድሜያችሁን በቀጥታ ቢጠይቋችሁም አትቆጡ፤ ታላቅና ታናሽ ለይተው የሚጠሩበት ወግ ስላላቸው ነው። ገበያ ላይ ግን ለሁላችንም ዋጋው የፈረንጅ ነው። ፈገግ እያላችሁ ተከራከሩ፣ ድምፅ ከፍ አታድርጉ። ከፍ ያደረገ ሰው ዋጋ አይቀነስለትም።

11. ስትወጡ

ዶንግ ከአገሩ ውጭ መመንዘር ከባድ ነው፤ የተረፋችሁን ከመነሻችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ባንክ ውስጥ ቀይሩ ወይም ቡና ግዙበት። በቪዛው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀንም አስቀድማችሁ እዩ። በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ የምትወጡት በማግስቱ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ማሳለፍ ደግሞ ኖይ ባይ ላይ ቅጣት ያስከፍላል።